ሰባት ሟቾችና አንዲት ተኝታ ታካሚ

የሆስፒታሉ ዘበኛ መሞቱን የሰማው በር ላይ ቆሞ ዳቦ እየገመጠ ነው። የነገረችው እትዬ ካርድ ናት። ከካርድ ክፍል ደብዳቤ ይዛ ወጣች፣ ግቢውን አቋርጣ ፊቱ ቆመች፣ ከዚያ አይታው እንደማታውቅ ሁሉ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«ምነው እትዬ? ደህና አይደሉም እንዴ?»

«እኔስ ደህና ነኝ። የሞትከው አንተ ነህ።»

«ኧረ ወዲያ!»

«ይኸውልህ፣ ተራ ቁጥር ሦስት። በትርፍ አንጀት ገብተህ ሞተሃል። ከሞትክ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደግሞ የስፌቱን ክር ልታስወጣ መጥተሃል።»

ዘበኛው ሊስቅ አፉን ከፈተ። ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁንም ዳቦውንም ተወው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህቺ ሴት ስትቆጣ አይቷል፣ ስትሳደብ አይቷል፤ ስትፈራ ግን አይቷት አያውቅም።

እትዬ ካርድ የወጣላት ስም ነው እንጂ እናቷ ያወጣችላት አይደለም። ባለ ሃያ አልጋው ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ፣ ጣሪያ በሚነካ መደርደሪያ ተከባ፣ አንድ ክንድ በማትሞላ መስኮት ዓለምን ስታይ የኖረች ሴት ናት። በዚያ አካባቢ ታሞ በዚያች መስኮት ያላጎነበሰ ሰው የለም። ገበያ መሃል ሰው ሰላም ሲላት ከስሙ በፊት የካርድ ቁጥሩ ነው ትዝ የሚላት። ምላሷ ደግሞ ምላጭ ነው። «ካርዴ ጠፋብኝ» ላላት ሰው «ጭንቅላትህስ አለ?» ትለዋለች፤ ግን ሳታገኝለት አትሰደውም። ዘመድ አዝማድ «ምነው ብታገቢ?» ሲላት «ከሃያ ሺህ ሰው ጋር እየኖርኩ ሌላ ሰው የት ላስቀምጠው?» እያለች፣ ከእናቷ ጋር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ኖረች። እናቷ ከሞተች ሁለት ወር ሆኗታል።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። የዚህ ሆስፒታል እስትንፋስ «ተመላሽ» የሚሉት ነገር ነው። መንግሥት ለትንንሽ የገጠር ሆስፒታሎች ያወጣው ደንብ አለ፦ አልጋው ከሃያ የማይበልጥ፣ ከሌላ ሆስፒታል የራቀ፣ መክፈል የማይችለውን ሰው በነፃ የሚያክም ከሆነ፣ ወጪውን በወር በወሩ ዘርዝሮ ሲልክ ይመለስለታል። ሠራተኛው «ተመላሹ መጣ? ተመላሹ ቀረ እኮ!» እያለ ሲጨነቅ የሰማ እንግዳ ከጦር ሜዳ የሚጠበቅ ዘመድ ያለ ይመስለዋል። ደመወዙ ከእሱ ነው፣ መድኃኒቱ ከእሱ ነው፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅ ከእሱ ነው።

ዝርዝሩን የምትሠራው እትዬ ካርድ ናት። ታካሚው መቼ ገባ፣ ስንት ቀን ተኛ፣ እንዴት ወጣ፤ ድኖ ነው፣ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተልኮ ነው ወይስ ሞቶ? ድሮ ይህን በወረቀት ስትሞላ ኖራ አንድ ቀን ስህተት አልተገኘባትም። ዘንድሮ ኮምፒውተር መጣና ከዋናው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ወረደ፦ የነርሷን የመጨረሻ ማስታወሻ ቃል በቃል ገልብጣችሁ ላኩ፣ ምደባውን እኛ እንሠራዋለን። እሷም ቃል በቃል ገለበጠች። ቃል በቃል! ሰውን ገደል የሚከተው እኮ ይኸው ቃል በቃል የሚሉት ነገር ነው።

ደብዳቤው እንዲህ ይል ነበር፦ በሁለት ወር ውስጥ ሞቱ ተብለው ከተላኩት ታካሚዎች ሰባቱ ከሞቱ በኋላ ታክመው ተመላሽ ተጠይቆባቸዋል። ክፍያው ከዛሬ ጀምሮ ታግዷል። ሐሙስ ተቆጣጣሪ ይመጣል። አጥጋቢ መልስ ካልተገኘ ሆስፒታሉ ከፕሮግራሙ ይሰረዛል።

መሰረዝ ማለት መዘጋት ነው፤ ይህን ማንም አልነገራትም፣ ለማንም መንገርም አያስፈልግም። የሚቀጥለው ሆስፒታል በደህና ቀን በመኪና አራት ሰዓት ነው፣ በዝናብ ቀን እንጃ። ከመጋዘኑ ውስጥ ደግሞ ሁለት ሲሊንደር ኦክስጅን ብቻ ቀርቷል። አቅራቢው «የፊተኛው ሳይከፈለኝ ሌላ አልሰጥም» ብሎ ስልኩን ዘግቷል። አልጋ አራት ላይ የሳንባ ምች የያዛት የሦስት ዓመት ልጅ ተኝታለች፤ አንዱን ሲሊንደር እሷ ናት የምትተነፍሰው።

ዶክተሩ ደብዳቤውን ቆሞ አነበበ። ወጣት ነው፤ ዳይሬክተርም እሱ፣ ቀዶ ጠጋኝም እሱ፣ ጄኔሬተር ሲበላሽ እጅጌውን ሰብስቦ የሚገባውም እሱ ነው። አንብቦ ሲጨርስ ወደ ሲስተር ዞረ። ሲስተር የሆስፒታሉ ዋና ነርስ ናት፤ የእትዬ ካርድ የዕድሜ እኩያ፣ የሥራ እኩያ፣ የጠብም እኩያ።

«ሲስተር፣ በሰባቱም ካርድ ላይ ‹አርፏል› ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኛ! ሃያ ዓመት ስጽፍ ማን ምን አለኝ?»

«‹አርፏል› ምን ማለት ነው?»

«አርፏል ማለት አርፏል ነዋ! ሰውዬው ሲያቃስት፣ ሲገላበጥ አድሮ ሊነጋ ሲል ጸጥ ይላል። ምን ልበል? ተኛ ልበል? የተኛማ ሁሉም ተኝቷል፤ ተኝቶ ታካሚ አይደል የሚባለው!»

«እሺ፣ ለሞተውስ ምን ይጽፋሉ?»

«ለሞተውም አርፏል።» ሲስተር ይህን ስትል ቅር እንኳ አላላትም። «ሞተ ብዬማ በሰው ልጅ ላይ አልጽፍም። ግን በቀይ ነዋ! ለሞተ በቀይ፣ ለተኛ በሰማያዊ። ይህን የማያውቅ እዚህ ቤት ማን አለ?»

እውነቷን ነው፤ ሁሉም ያውቃል። ጽዳቷ እንኳ ታውቃለች። የማያውቁት ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉት ናቸው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ቃሉን እንጂ ቀለሙን አይልክም። ታካሚው ሲድን የመውጫ ወረቀቱን የሚጽፈው ዶክተሩ ስለሆነ፣ የሲስተር የመጨረሻ ማስታወሻ ከመውጣቱ በፊት ያለችው ሌሊት ናት። በሰላም ተኝቶ ያደረ ሁሉ እዚያ ሲደርስ ሬሳ ሆኗል።

ዶክተሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ሳቀ፤ ሲስተርም ሳቀች። «እንኳንም ይኸው ብቻ ሆነ። ለተቆጣጣሪው ቀለሙን እናሳየዋለን፣ ሰዎቹን ጠርተን እናሳየዋለን፣ አለቀ» አለ።

እትዬ ካርድ አልሳቀችም። ሆዷ ያውቃላ። ካርድ ክፍል፣ ከጠረጴዛዋ ሥር ያለው መሳቢያ ውስጥ፣ በቁልፍ የተዘጋ አንድ ካርድ አለ። እሱም ላይ «አርፈዋል» የሚል አለ፤ በሰማያዊ።

የእናቷ ካርድ ነው።

እናቷ የገባችው ትንፋሽ አጥሯት ነበር። አልጋ ስድስት ተሰጣት። በዘጠነኛው ቀን ተሽሏት ቁጭ ብላ «ፀጉርሽን አስተካክዪ፣ ሰው ያይሻል» ብላ ስትቆጣት ዋለች፤ ማታውን ግን ሳሉ ተነሥቶ እስኪነጋ አሰቃያት። ጠዋት እትዬ ካርድ ትራሷን ካስተካከለችላት በኋላ ወደ ሥራዋ ስትሄድ፣ በሲስተር ጠረጴዛ በኩል አልፋ ቀዩን እስክሪብቶ አነሣች። የተመላሹን መዝገብ ልታሰምርበት ነው። ማንንም አልጠየቀችም፤ ማታ እመልሰዋለሁ አለች።

ረፋድ ላይ ጽዳቷ እንደ ወትሮው የካርድ እሽግ አምጥታ በመስኮቱ አቀበለቻት። ሁለተኛው የእናቷ ነው። «አርፈዋል» ይላል፣ በሰማያዊ። እትዬ ካርድ «ተመስገን» አለች። ድምፅ አውጥታ ነው ያለችው። ሌሊቱን ሙሉ ስታስል አድራ እንቅልፍ ወሰዳት፣ እሰይ፣ ትተኛ። ካርዱን ተኝተው የሚታከሙት ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችና ማስመሯን ቀጠለች። ሁለት ሰዓት ያህል ሠራች። መሃል ላይ አንድ ባለጉዳይ ቀልዶ አስቋታል።

ሲስተር ከእናቷ አልጋ ቀጥታ ወደ ማዋለጃ ክፍል ተጠርታ ነበር፤ ደም የሚፈሳት እናት ነበረች። ቀዩን እስክሪብቶ ፈልጋ ብታጣው በእጇ ባለው ጽፋ ሮጠች፣ ለእትዬ ካርድ ዶክተሩ ይነግራታል ብላ። ዶክተሩም ቀዶ ጥገና ሊገባ እጁን እየታጠበ ነበርና ሲስተር ነግራታለች አለ። ሁለቱም ሰው ሲያድኑ ነበር፤ በማን ይፈረዳል? እትዬ ካርድ ምሳ ሰዓት ላይ ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ ስትገባ አልጋ ስድስት ላይ ፍራሹ ተጠቅልሎ አገኘችው።

ሰው እናቱን ይቀብራል፣ ያለቅሳል፣ ይጽናናል። እሷን የበላት ሞቱ አይደለም። ያቺ «ተመስገን» ናት። እናቷ ከግቢው ወዲያ ሞታ ተኝታ እሷ ወዲህ ሆና ፈጣሪን አመሰገነች፣ ሳቀች፣ መስመር አሰመረች። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ካርዱንም መዝጋት አልቻለችም። «የሞቱበት ቀን» የሚለው ባዶ ቦታ ላይ እስክሪብቶ ስታሳርፍ እጇ አልታዘዝ አላት። መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ወሩ ሲያልቅ ዝርዝሩ ላይ የእናቷ ተራ ሲደርስ «ተኝታ ታካሚ» ብላ ጻፈችና ላከችው። ከሞተች በኋላ አሥራ አንድ የአልጋ ቀን ተጠየቀባት። በሚቀጥለው ወር ስሟን ዝም ብላ ተወችው። መስረቅ አላሰበችም፤ አሥራ አንዱ ቀን ግን ከመንግሥት ካዝና ወጥቷል። ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ እትዬ ካርድ ራሷ «ሌባ» ትለው ነበር፤ ያውም በመስኮቱ ጮኻ።

ሐሙስ ተቆጣጣሪው መጣ። ቀጭን፣ ጫማው የተወለወለ፣ የሚጠጣውን ውኃ እንኳ ከቤቱ ይዞ የመጣ ሰው ነው። በሩን ዘበኛው ከፈተለት።

«እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ። በሩን የከፈተልዎት ሟች ነው፣ ተራ ቁጥር ሦስት።»

ተቆጣጣሪው አልሳቀም። ኮሪደሩ ላይ ሰባቱም ሟቾች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ይጠብቁታል፤ ግንበኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ የትምህርት ቤት መምህር፣ ሌሎችም። አንዲት አሮጊት «በስሜ የተበላ ነገር ካለ ድርሻዬን እፈልጋለሁ» እያሉ ከመምህሩ ጋር ይከራከራሉ። ዘበኛውም በሩን ትቶ ተከትሎ ገብቶ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «በሞቴ ይመኑን ብዬ እንዳልለምንዎት» አለ፣ «እሱንም ወስዳችሁብኛል።»

ተቆጣጣሪው የእያንዳንዳቸውን መታወቂያ አየ፣ ጠባሳቸውን አየ፣ ጻፈ። ከዚያ የዶክተሩ ቢሮ ገብቶ ተቀመጠ። ዶክተሩ፣ ሲስተርና እትዬ ካርድ ፊቱ ናቸው። በተከፈተው በር በኩል የአልጋ አራት ኦክስጅን ሲተነፍስ ይሰማል።

«ሰዎቹ በሕይወት መኖራቸውን አየሁ» አለ። «ይህ የሚያሳየኝ ግን መዝገባችሁ መዋሸቱን ነው። የቱ ላይ እንደዋሸ ነው የማላውቀው። ሞቱ ሲል ነው ወይስ ታከሙ ሲል?»

ዶክተሩ ስለ ቀዩና ስለ ሰማያዊው አስረዳው። ሰውዬው እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ይህ ነገር የተጻፈ መመሪያ ነው?»

«አይደለም። ልማድ ነው።»

«ልማድን ሪፖርት ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?» መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መለሰው። «እሺ። ሃያ ዓመት የተሠራበት ልማድ ከሆነ አይስትም። የሁለቱን ወር ካርድ ሁሉ አምጡልኝ። ሰማያዊው ሁሉ በሕይወት፣ ቀዩ ሁሉ ሞቶ ካገኘሁት አምናችኋለሁ። አንዲት እንኳ ብትስት ግን ቀለም ምናምን ብዬ አለቆቼ ፊት አልቆምም።»

እትዬ ካርድ ካርዶቹን ተሸክማ አመጣች።  እሱ አንድ በአንድ እያነሣ ከመውጫ ወረቀቱና ከሞት መዝገቡ ጋር ያስተያያል። ሰማያዊ፣ ዳነ። ሰማያዊ፣ ዳነ። ቀይ፣ ሞተ። ሲስተር በእያንዳንዱ ካርድ አንገቷን እየነቀነቀች «አላልኩም?» ትላለች። ዶክተሩ ትከሻው ቀስ በቀስ እየወረደለት መጣ። አርባኛው ካርድ ላይ ሲደርሱ አንድም አልሳተም ነበር።

ተቆጣጣሪው የተኝቶ ታካሚዎችን መዝገብ ሳበ። በጣቱ እየተከተለ ቆጠረ። ደግሞ ከላይ ጀምሮ ቆጠረ።

«መዝገቡ ላይ አርባ አንድ ሰው አለ። ያመጣችሁልኝ ካርድ አርባ ነው።» ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። «አልጋ ስድስት። ሴት፣ ሰባ አራት ዓመት። ካርዳቸው የታል?»

ሲስተር ወደ እትዬ ካርድ ዞር አለች። ያን ጠዋት በየትኛው እስክሪብቶ እንደጻፈች ትዝ ያላት ያኔ ነው። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ካርድ ክፍል ነው» አለች እትዬ ካርድ። «አመጣዋለሁ።»

ግቢውን እንዴት እንዳቋረጠች አታውቅም። በሯን ዘግታ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ሳተችው። ካርዱ እንዳስቀመጠችው አለ። ቀዩ እስክሪብቶም አጠገቡ አለ፤ ያኔ ማታ እመልሰዋለሁ ብላ ሳትመልሰው አብራ የቆለፈችበት። «አርፈዋል» አምስት ፊደል ናት። በላዩ ላይ በቀይ ብትደግምበት ከመቶ መቶ ይሆናል፤ ተመላሹ ይለቀቃል፣ ሲሊንደሩ ይመጣል፣ ሆስፒታሉ ይተርፋል። የእስክሪብቶውን ክዳን ነቀለች።

መስኮቷ ተንኳኳ። ሲስተር ናት፣ አጎንብሳ። በሃያ ዓመት ውስጥ በዚያች መስኮት አጎንብሳ አታውቅም።

«ድገሚበት» አለች ሲስተር በሹክሹክታ። «በይ ቶሎ በይ፣ ሰውዬው ይጠብቃል። እጅሽ እምቢ ካለሽ ለእኔ ስጪኝ፤ የእኔ ጽሕፈት አይደል፣ እኔ ልድገምበት። አፈር ስሆን። ያቺን ሕፃን አስቢያት።»

«ያን ቀን ቀዩን ፈልገሽው ነበር?»

«ምን?»

«ቀዩን እስክሪብቶ። እናቴ የሞተች ቀን።»

«ጠረጴዛውን ገለበጥኩት እኮ! የትኛው ቀማኛ እንደወሰደው እስከ ዛሬ...» አለችና ሲስተር ዓይኗ እትዬ ካርድ እጅ ላይ ወደቀ። እስክሪብቶው ወገቡ ላይ በነጭ ፕላስተር የተጠቀለለ ነው፤ ፕላስተሩን የጠቀለለችው ራሷ ሲስተር ናት።

ሲስተር እጇን በመስኮቱ ሰድዳ ፕላስተሩን ነካችው። «ወይኔ እህቴን» አለች። «ይሁን። ይሁን ግድ የለም። አሁን ግን አስተካክዪው።»

«ሰማያዊ አይቼ ነው ተመስገን ያልኩት» አለች እትዬ ካርድ።  «ተኛችልኝ ብዬ ነው የሳቅሁት። ይህን ቀይ ካደረግሁት ቀይ እያየሁ ነው ሁለት ሰዓት ቁጭ ብዬ የሠራሁት ማለት ነው። እናቴ መሞቷን አውቄ ማለት ነው። ሆስፒታሉ ይዘጋ አልልም ሲስተር፤ ይህን ግን አልጽፍም። አልችልም።»

የእስክሪብቶውን ክዳን መልሳ ገጠመች። ካርዱንና እስክሪብቶውን ይዛ ወጣች። ሲስተር እየተከተለች ታለቅስ ነበር፤ ከንዴት ይሁን ከሐዘን ራሷም አታውቀውም።

እትዬ ካርድ ሁለቱንም ተቆጣጣሪው ፊት አስቀመጠች። ቆማ ነገረችው፤ ይቀመጡ ቢላት እምቢ አለች። ስለ እስክሪብቶው፣ ስለ ሾርባው፣ ስለ አሥራ አንዱ ቀን፣ ሳታሳጥር ነገረችው። ዶክተሩ እያዳመጠ ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በእሱና በሲስተር መሃል የወደቀችዋን መልእክት ያን ጊዜ ነው የሰማት።

ተቆጣጣሪው ካርዱን አገላበጠ። ቀዩን እስክሪብቶ አነሣው።

«ይህ አሁን ካርድ ክፍል ውስጥ እጅዎ ላይ ነበር» አለ። «ማንም አያይዎትም ነበር። ለምን አላስተካከሉትም?»

«ያን ቀንም እጄ ላይ ነበር።»

 በር ላይ ዘበኛው ቆሟል፤ ተቆጣጣሪው ከመጣ ጀምሮ ቀልድ ያጣው ያኔ ብቻ ነው።

«እንግዲህ ከአርባ አንዱ አንዷ ሳተች» አለ ተቆጣጣሪው። ዶክተሩ ዓይኑን ጨፈነ። «ለምን እንደሳተች ግን አሁን አወቅሁ። ሊዋሽ የፈለገ ሰው ይህን ካርድ ያቃጥለዋል እንጂ አያመጣልኝም። አርባውን እንዳየሁት እጽፋለሁ፤ አርባ አንደኛዋንም እንደሰማሁት። አሥራ አንዱ ቀን ግን ከእርስዎ ደመወዝ ተቆርጦ ለመንግሥት ይመለሳል። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ይደርስዎታል። በዚህ አይቀየሙኝ።»

«አልቀየምም።»

«አንድ ነገር ቀርቷል። ይህ ካርድ አልተዘጋም። ያልተዘጋ ካርድ ይዤ አልሄድም፤ ይዝጉት።»

«ምን ብዬ?»

«የሆነውን።»

ቀዩን እስክሪብቶ ተቀበለችው። ከሰማያዊው ቃል በታች፣ ሁለት ወር ባዶ የቆየው ቦታ ላይ አጎነበሰች። «አርፈዋል» አላለችም፤ ያቺን ቃል ከዚያ ወዲያ አታምናትም። «ሞታለች» ብላ ጻፈች፤ ቀኑንም ጻፈች። ቅጹ አንቱታ ይፈልጋል፣ ግን እናቷን አንቱ ብላት አታውቅም። ተቆጣጣሪው አነበበው፣ ሊያርመው እጁን ሰደደ፣ ከዚያ ተወው።

ተመላሹ በአሥረኛው ቀን መጣ፤ ሲሊንደሮቹ በአሥራ አንደኛው። የአልጋ አራቷ ልጅ በእግሯ ሄዳ ወጣች፤ ሲስተርም ከዋናው መሥሪያ ቤት በመጣው መመሪያ መሠረት፣ ለመጨረሻዋ ሌሊቷ «በእንቅልፍ ላይ ናት» ብላ፣ እያጉረመረመች፣ ጽፋላታለች። ዘበኛው የትንሣኤውን ነገር ለሰማውም ላልሰማውም ሲያወራ ይኸው አለ።

ያን ዕለት ሐሙስ ግን፣ ተቆጣጣሪው ከሄደ በኋላ፣ እትዬ ካርድ የእናቷን ካርድ ወደ ኋለኛው መደርደሪያ ወስዳ በቁጥሩ ቦታ ሰካችው። እዚያው መደርደሪያው ላይ ግንባሯን አስደግፋ፣ በቀብሩ ዕለት ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ካርድ የሚጠብቅ ሰው በመስኮቱ «እትዬ፣ የሉም እንዴ?» ሲል «አለሁ፣ ጠብቅ!» ብላ ጮኸችበት። ፊቷን አበሰች፣ ለሰውዬው ካርዱን ሰጠችው። ሥራ ሲያበቃ በታካሚዎቹ ክፍል በኩል አልፋ ቀዩን እስክሪብቶ ሲስተር ጠረጴዛ ላይ መለሰችው፤ ማታ እመልሰዋለሁ ብላ ነበርና።